ደሴን ከላይ ወደ ታች

የእግረኛ ጥያቄዎች
መልስ የሚሰጡት በደሴ ለ27 ዓመታት የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በሚቀጥለው ወር ለሥራ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ እመጣለሁ። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ሙሉውን ቀን ነፃ ነኝ። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «ሐይቅ ሂጂ» ይለኛል። እኔ ግን ከተማዋን በእግሬ ማየት ነው የምፈልገው። መናፈሻ ካለ ብቀመጥ፣ የድሮ ሰፈር ካለ ብዞር ደስ ይለኛል። ብቻዬን ነኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ልጄ፣ ሐይቅን አትናቂያት። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ የእስጢፋኖስ ገዳምም እዚያ ነው። ስለ እሷ አልጠየቅሽኝምና ግን ወደ ደሴ ልመለስ።

ደሴ ለእግረኛ የምታዝን ከተማ አይደለችም። በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተወሽቃ የተሠራች ናት። ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ትንፋሽ አያስቸግርም፤ የሚከፍለው ጉልበት ነው። ዋናውን አስፋልት ትተሽ ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ ብትታጠፊ ወይ ትወጫለሽ ወይ ትወርጃለሽ። እንግዳ ግን አስፋልቱን ይዞ የከባድ መኪና ጭስ እየማገ ይሄድና፣ «ደሴ አንድ መንገድ ናት» ብሎ ይመለሳል። ይህን የሚል ሰው ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

እኔ ሥራ ስጀምር ሰፈሩን ከታች ወደ ላይ ነበር የማነበው። ሦስተኛው ወር ላይ ጉልበቴ ሲያብጥ አንድ አዛውንት የቧንቧ ሠራተኛ፣ «ውሃው ከላይ ነው የሚመጣው፤ አንተስ ለምን ከታች ትመጣለህ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከላይ ካለው ቤት ነው የምጀምረው። አንቺም እንደዚሁ አድርጊ። ወደ ላይ በባጃጅ ውጪና ቁልቁሉን በእግርሽ ውረጂ። በባጃጅ መውጣት ከእግረኛነት አያጎድልሽም።

መናፈሻ ላልሽው፣ መናፈሻ የሚባል ሰፈር አለን። አበባና አግዳሚ ወንበር ፍለጋ እንዳትሄጂ፤ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው፣ ቆጣሪውን ያነበብሁት እኔ ነኝ። በደሴ ቁጭ ብለሽ ነፋስ የምትቀበይበት ጥላ ከፈለግሽ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይሻልሻል። እሑድ ጠዋት ነጠላሽን ይዘሽ መድኃኔዓለም ሂጂ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ደብር ነው። ቅዳሴው ወጥቶ ሰው ሲበተን ዛፍ ሥር ብትቀመጪ ማንም ምን ትሠሪያለሽ አይልሽም።

ከዚያ አይጠየፍን እይ። ይህም የንጉሥ ሚካኤል ሥራ ነው፤ ግብር የሚያበሉበት አዳራሽ ነበር። ትልቁንም ትንሹንም አስገብቶ ያበላል፣ ማንንም አይጠየፍም ሲባል ስሙ ጸና። ለወሎ ሰው ይህ ስም ሌላም ጣዕም አለው። ንጉሡ ራሳቸው መሐመድ ዓሊ ተብለው የተወለዱ፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል የተባሉ ሰው ናቸው። በእኛ አገር ሠርግ ሲደገስ የእስላሙም የክርስቲያኑም ሥጋ ለየብቻው ይታረዳል፤ ዘመድ ሁሉ ግን በአንድ ዳስ ይቀመጣል። እኔ ራሴ በአንድ ሠርግ ላይ ከሁለቱም ወገን አጎት አለኝ። ሚካኤል የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው የነገሡት በ1906 ነው፤ በጥቅምት 1909 ሰገሌ ላይ ተሸነፉና ተማረኩ። ሦስት ዓመት ያልሞላ ንግሥና ነበር። አዳራሹን ቆመሽ ስታዪ ይህን አስቢ።

ሙዚየሙ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ቤት ነው። በ2014ቱ ጦርነት ጉዳት ስለደረሰበት፣ ከመሄድሽ በፊት ክፍት መሆኑን ሰው ጠይቂ። ዝግ ቢሆን እንኳ ቤቱን ከውጭ ማየት ይበቃል።

ቀሪውን ጊዜ በሰፈር ስም ተመሪ። በደሴ የሰፈር ስም ከየትኛውም ምልክት ሰሌዳ ይበልጣል። ሸዋ በር ማለት የሸዋ መንገድ በር ነው። አረብ ገንዳ ስትሰሚ ከብት የሚጠጣበት ገንዳ አይምሰልሽ፤ ገንዳ በኦሮምኛ መንደር ነው፣ የአረብ መንደር ማለት ነው። ሰኞ ገበያ ስሙ ቀኑን ይነግርሻል፤ አለቃሽን ለምነሽ እስከ ሰኞ ብትቆዪ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። የእኔ ግን ቧንቧ ውሃ ነው። አንድ ሰፈር በንጉሥ ወይም በጻድቅ ሳይሆን በቧንቧ ሲጠራ፣ ለአንድ ቆጣሪ አንባቢ ከዚህ በላይ ምን ሹመት አለ? እዚያ ስትደርሺ እኔን አስቢኝ።

መንገድ ሲጠፋብሽ ስልክሽን አትጎርጉሪ፣ ሰው ጠይቂ። ብቻሽን ስለሆንሽ ሴት ብትጠይቂ ይሻላል። የደሴ እናት መንገድ በጣቷ አታሳይም፤ «አብሽሪ» ብላ እስከ ግማሹ ትሸኝሻለች። ቡና ከተፈላበት ደርሰሽ «ግቢ» ከተባልሽ ግን ሰዓትሽን አይተሽ ግቢ። አቦልን ቀምሶ በረካን ሳይጠጣ የሚነሣ እንግዳ ደስ አይልም። እኔ አምስት ቤት ለማንበብ ወጥቼ ሁለት ቤት ብቻ አንብቤ የተመለስሁባቸው ቀኖች አሉ፤ ለአለቃዬ ያቀረብሁት ምክንያት ሁልጊዜ የውሻ ነበር።

ፒያሳ ስትደርሺ ቆም በዪና ቀና ብለሽ ሰማዩን እዪ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸውን ከደሴ ሆነው ይመሩ በነበረ ጊዜ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በዚያ ሰማይ መጥተው ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ሚያዝያ 7 ቀን እግረኛ ጦራቸው ገባ። ፒያሳ የሚለው ስም የተረፈው ከእነሱ ነው፤ ማኪያቶውም እንዲሁ።

ልብሱን በሚመለከት፣ ጉም አለ። በክረምት የደሴ ጉም ሲወርድ የራስሽን እጅ ትፈልጊያለሽ። አንድ የሐምሌ ጠዋት በጉም ውስጥ የአንዱን ቤት ቆጣሪ የሌላው ነው ብዬ አነበብሁ። አንዲት እናት የጎረቤታቸውን ሒሳብ ከፈሉ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ስድስት ወርም ሰላምታዬን አልመለሱም። ስለዚህ ሹራብ ያዢ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማም አድርጊ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ማረፊያሽ ተመለሺ። ጦሳ ላይ ብቻሽን አትውጪ፤ የምትወጪ ከሆነ የአገሩን ሰው አስከትይ። ከአዲስ አበባ ከመነሣትሽ በፊትም ስለ መንገዱ ሁኔታ የሚቀበሉሽን የሥራ ባልደረቦችሽን ደውለሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ 61 ዓመቴ ነው። ስኳር አለብኝ። ሐኪሙ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል መራመድ አለብዎ ብሎኛል። እዚህ ሙቀት ነው፣ መኪናም ብዙ ነው። ደሴ እየመጣሁ ልራመድ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለግማሽ ሰዓት እርምጃ ሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ወጥተው መውረድ ምን ይሉታል? ኮምቦልቻ ከደሴ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ለጉልበትዎ ሜዳው የእርስዎ ከተማ ነው። ለእርስዎ የሚያስፈልገው ሰዓት መምረጥ ነው። ጎሕ ሲቀድ ይውጡ፤ ሙቀቱም አልተነሣም፣ ከደረቅ ወደቡና ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚመላለሰው ከባድ መኪናም ገና ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብለው በሰፈር ውስጥ ይዙሩ። ቦርከናን አሻግሮ የሚያይ መንገድ ካገኙ ይመቻል፤ በክረምት ግን ወንዙ ሲሞላ ዳር ዳሩን አይሂዱ። የጎፍ ደን ያምራል፣ ጥዱም ይሸታል፤ ነገር ግን ዳገት ነውና ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይሞክሩት።

እግርዎን አደራ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲላጥ ላይሰማው ይችላል። በነጠላ ጫማ አይውጡ፤ ጫማ ከማድረግዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ዳሰስ አድርገው ጠጠር ያራግፉ። ማታ ጣቶችዎን መሃል ለመሃል ይመልከቱ፤ ቁስል ካዩ ዛሬ ነገ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ኪስዎ ውስጥ ሁለት ሦስት ከረሜላ ወይም ተምር አይጥፋ፤ ላብ ላብ ካለዎትና እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ቁጭ ብለው ይብሉ። እኔ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት በዓመት አንድ ጫማ ይሰጠኝ ነበር፤ ቁጥሩ ግን አንድም ዓመት ልክ ሆኖ አያውቅም። አውራ ጣቴ እስከ ዛሬ ይመሰክራል፤ ከጫማ አይቆጥቡ።

ጥያቄ፦ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ጠዋት ጠዋት በሰፈር ውስጥ ስሮጥ ውሻ ያባርረኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አትሩጥ። የሚሮጥ ነገር ሁሉ ለውሻ የሚባረር ነው። ቁም፣ ዓይኑን ትኩር ብለህ አትይ፣ ፊትህን ወደ እሱ አድርገህ ቀስ እያልህ ወደ ኋላ ራቅ። ካልተመለሰ ድንጋይ እንደምታነሣ ሆነህ ጎንበስ በል፤ መሬቱ ላይ ድንጋይ ባይኖር እንኳ ውሻው አያጣራም። ከነከሰህ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጠበውና የዚያኑ ቀን ለክትባት ጤና ተቋም ሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ «ግባ፣ አይናከስም» ቢልህ ግን አትግባ። በ27 ዓመት ውስጥ ሦስት ውሾች ነክሰውኛል፤ ሦስቱም አይናከሱም የተባሉ ነበሩ።