ትርፉ አለ፣ ገንዘቡ የት አለ? የብድር ክፍል ተለማማጆች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነኝ። ለስምንት ሳምንት የተግባር ልምምድ ባንክ ውስጥ ኮርፖሬት ብድር (የድርጅቶች ብድር) ክፍል ተመድቤያለሁ። ከእኔ በፊት የወጡ ጓደኞቼ ፋይል ሲደረድሩ ከርመው ነው የተመለሱት። ጊዜዬ በከንቱ እንዳያልፍ ምን ላይ ላተኩር?

መልስ፦ ፋይል መደርደሩ ለአንቺም አይቀርልሽም፤ ግን አትናቂው። ማመልከቻው፣ ቦርዱ ድርጅቱ እንዲበደር የወሰነበት ቃለ ጉባኤ፣ ኦዲት የተደረገው ሒሳብ፣ የመያዣው ግምት፣ የብድር ትንተናው፣ የአጽዳቂው ኮሚቴ ውሳኔና ውሉ ያሉት እዚያ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ፋይል ለማንበብ ፈቃድ ጠይቂ፦ አንዱ ተከፍሎ ያለቀ፣ ሌላው የተበላሸ። ስታነቢ የምትፈልጊው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተንታኙ ብድሩ ከየትኛው ገንዘብ ይመለሳል ብሎ ነበር? ኋላስ ከየት ተከፈለ? በተበላሸው ፋይል ውስጥ ስለ ሕንፃው ግምት ገጽ ሙሉ ተጽፎ፣ ስለ ገንዘብ ፍሰቱ ሁለት መስመር ብቻ ብታገኚ አይግረምሽ። መያዣ የሚሸጠው ብድሩ ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ሽያጩ ይጓተታል፣ ወጪ አለው፣ በጥድፊያ ሲሸጥም ከግምቱ በታች ሊወጣ ይችላል።

ቀጥሎ የሒሳብ መግለጫ ወደ ኤክሴል አስገቢ ትባያለሽ። ብዙ ተለማማጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ትርፍን እንደ ጥሬ ገንዘብ ይቆጥራል። አንድ አከፋፋይ ድርጅት እንውሰድ። ሽያጩ ከ100 ወደ 120 ሚሊዮን አድጓል። ከወለድ፣ ከግብር እና ከእርጅና ቅናሽ (የንብረት ማርጀት ወጪ) በፊት ያለው ትርፉ 24 ሚሊዮን ነው። በዓመት ለባንኩ ከዋናው ብድር 8፣ ከወለድ 4፣ በድምሩ 12 ሚሊዮን ይከፍላል። 24ን ለ12 ስናካፍል 2 እናገኛለን፤ ትርፉ የዓመቱን ክፍያ ሁለት ጊዜ ይሸፍናል ማለት ነውና ያማረ ቁጥር ነው። አሁን ተሰብሳቢ ሒሳቡን (በዱቤ ሸጦ ገና ያልሰበሰበውን ገንዘብ) እዪ፦ ከ20 ወደ 27 ሚሊዮን ወጥቷል። ይህም በቀን ሲሰላ የዱቤ ደንበኞቹ መክፈያ ከ73 ወደ 82 ቀን ተራዝሟል ማለት ነው። ሰባቱ ሚሊዮን ሽያጭ ተብሎ ተመዘገበ እንጂ እጅ አልገባም። እሱንና 3 ሚሊዮን ግብር ከ24 ስትቀንሺ 14 ይቀራል፤ 14 ለ12 ደግሞ 1.17 ነው። ብዙ አበዳሪዎች ከ1.2 ወይም ከ1.25 በታች ሲሆን ያመነታሉ። ያረጀ መኪና መተኪያውን ወጪ ደግሞ ገና አልቀነስንም።

ቁጥሩን አውጥተሽ አትቁሚ። የተሰብሳቢውን የዕድሜ ዝርዝር (እያንዳንዱ ዕዳ ስንት ቀን እንደቆየ የሚያሳየውን) አስመጪና ሁሉም ደንበኞች ናቸው የዘገዩት ወይስ አንድ ትልቅ ገዢ ብቻ የሚለውን ለዪ። ሁለተኛው ከሆነ ባንኩ ሳያውቀው ለዚያ ገዢ አበድሯል ብትይ ማጋነን አይሆንም።

ጥያቄ፦ እኔ የተመደብኩት የባንኩን ብድሮች በጠቅላላ የሚከታተለው ብድር ፖርትፎሊዮ ክፍል ነው። የብድሮች ዝርዝር በኤክሴል ተሰጥቶኝ የተበላሸ ብድር ምጣኔ (የተበላሹት ከጠቅላላው ብድር ያላቸውን ድርሻ) እንዳወጣ ታዘዝኩ። ድምሩ ከዋናው የሒሳብ መዝገብ ጋር አልገጥም አለኝ፤ ምጣኔውም አለቃዬ ካወጡት በጣም ያንሳል። የተሳሳትኩት የት ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ዋናውን ፋይል ሳትነካ ቅጂ ላይ ሥራ። ድምሩ የማይገጥምባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ ዝርዝሩና መዝገቡ የወጡበት ቀን ይለያያል፤ አንዱ የተጠራቀመ ወለድን ይጨምራል፣ ሌላው አይጨምርም፤ በውጭ ምንዛሪ የተሰጡ ብድሮች ሳይመነዘሩ ተደምረዋል፤ ባንኩ የሰጣቸው ዋስትናዎች ከብድሮቹ ጋር ተቀላቅለዋል። ኦቨርድራፍትንም (ደንበኛው በሒሳቡ ካለው በላይ እንዲያወጣ የሚፈቀድለትን ብድር) አትርሳ። ደንበኛው ካወጣው በላይ አስገብቶ ከሆነ ሒሳቡ የተቀማጭ ያህል ስለሆነ በነጌቲቭ ተቀምጦ ድምርህን ያሳንሳል። ልዩነቱን በየምክንያቱ ከፋፍለህ ጻፈው፤ «ጥቂት ነው» ብለህ እንዳታልፈው።

የምጣኔህ ማነስ ምናልባት ከዚህ የመጣ ነው። ባጠቃላይ 1,000 ሚሊዮን ብድር አለ እንበል። አንድ ተበዳሪ ያልተከፈለ ቀሪው 50 ሚሊዮን ሆኖ የ2 ሚሊዮን ክፍያ 95 ቀን አሳልፏል። አንተ ያለፈውን 2 ሚሊዮን ብቻ ወስደህ 0.2 በመቶ አወጣህ። የሚወሰደው ግን ሙሉው 50 ሚሊዮን ስለሆነ ምጣኔው 5 በመቶ ነው። ብድር ተበላሽቷል ለማለት 90 ቀን በሰፊው የሚሠራበት መስፈርት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ አይኤፍአርኤስ 9ም ክፍያው 30 ቀን ካለፈ የብድሩ ስጋት እንደጨመረ፣ 90 ቀን ካለፈ ደግሞ ግዴታው እንዳልተፈጸመ አድርጎ ያያል፤ አሳማኝ ማስረጃ ከቀረበ ግን የተለየ አቋም መያዝ ይቻላል።

ምጣኔው ሲቀንስም ቶሎ ደስ አይበልህ። ባንኩ 250 ሚሊዮን አዲስ ብድር ቢለቅ ያው 50 ሚሊዮን ለ1,250 ተካፍሎ 4 በመቶ ይሆናል፤ አንድ ሳንቲም ግን አልተሰበሰበም። አዲሶቹ ብድሮች ለመበላሸት ጊዜ አላገኙም። ስለዚህ ብድሮቹን በተለቀቁበት ሩብ ዓመት መድበህ፣ እያንዳንዱ ምድብ በ6፣ በ12፣ በ18 ወሩ ስንት በመቶው እንደተበላሸ አስተያይ። ለአለቃህ ሳይታዘዙ የሚቀርብ ሥራ ካስፈለገህ ይሄ ነው።

አማካይ ወለድ ስታወጣም ቀሪ ሒሳቡን መዝንበት። 90 ሚሊዮን በ10 በመቶ፣ 10 ሚሊዮን በ18 በመቶ ከተበደረ አማካዩ 10.8 እንጂ 14 አይደለም። የእህት ኩባንያዎችን ብድርም በአንድ ተበዳሪ ስም ደምር፤ ሦስት ስም ይዞ የመጣ አንድ ባለቤት ሲወድቅ ሦስቱም አብረው ሊወድቁ ይችላሉና።

ጥያቄ፦ ለዩኒቨርሲቲ በማቀርበው ሪፖርት የእውነተኛ ተበዳሪ ሒሳብ ስሙን አጥፍቼ ልጠቀም እችላለሁ?

መልስ፦ ያለ ባንኩ የጽሑፍ ፈቃድ አይቻልም። ስም ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ዘርፉን፣ ከተማውንና የብድሩን መጠን ያየ ሰው ድርጅቱን ሊለየው ይችላል። የፈጠራ ድርጅት አዘጋጅና አሠራሩን በእሱ አሳይ። ፋይል ወደ ግል ኢሜይል መላክ፣ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ማጠቃለያ እንዲጽፍልህ ኢንተርኔት ላይ ላለ ፕሮግራም መስጠትም ያው ምስጢር ማውጣት ነው። ሪፖርቱን ከማስረከብህ በፊት ረቂቁን ለቅርብ ኃላፊህ አሳይና ፊርማ ተቀበል።