«ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ ጻፍኩ፦ ወደ ሴፍቲ ሙያ ለምታስቢ እህቴ

ወገቤን የተጎዳሁት ሌሊት ላይ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነርስ ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። ደንዳና የሆኑ አንድ አባት ከአልጋ ወደ ዊልቸር መዛወር ነበረባቸው። ባልደረባዬ ሌላ ክፍል ተይዛለች። «እሷ እስክትመጣ ሽማግሌው ለምን ይጉላሉ» ብዬ ብቻዬን አነሳኋቸው። ወገቤ ላይ ቀጭ የሚል ነገር ተሰማኝ። ሱፐርቫይዘሯ መጥታ ስትጠይቀኝ ምን ብመልስ ጥሩ ነው? «ምንም አይደል!»

ጠዋት መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። የአደጋ ሪፖርት ሙዪ ተባልኩ። «የአደጋው መንስኤ» የሚለው ቦታ ላይ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቸኩዬ ነው» ብዬ ጻፍኩ። እንግዲህ አስተዳደጋችን ነው። ሰው እግራችንን ረግጦን እኛ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት ሴትዮ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። የሴፍቲ፣ ማለትም የሥራ ቦታ ደኅንነት፣ ኃላፊዋ ናት። እንዲህ የሚባል ሥራ መኖሩንም አላውቅም ነበር። የጻፍኩትን አነበበችና ጥያቄ ጀመረች። ማንሻ ማሽኑ የት ነበር? ዕቃ ቤት። ለምን አላወጣሽውም? ባትሪው አይሠራም። ከመቼ ጀምሮ? ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። ለማን ተነገረ? እንጃ። በዚያ ሌሊት ስንት ሰው መግባት ነበረበት? አራት። ስንት ገባ? ሁለት። ከዚያ ወረቀቱን ወደኔ መለሰችና «አንቺ የጻፍሽው መጨረሻ ላይ የሆነውን ነው። መንስኤው ባትሪው ጋ ነው ያለው» አለችኝ።

ይህ ከሆነ 14 ዓመት አለፈው። ዛሬ የሴትዮዋን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ሁለት ልጆች በተለያየ ጊዜ «እንዴት ነው የሚገባው?» ብለው ስለጠየቁኝ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ሴፍቲ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቢጫ ሰደርያ ለብሶ ሄልሜት ያላደረገ ሠራተኛ ላይ የሚጮህ ሰውዬ ነው። እንደዚያ ዓይነትም አይጠፋም። ዋናው ሥራ ግን ያቺ ሴትዮ ያደረገችው ነው፤ «ማን አጠፋ?» ብሎ ሳይቆሙ «ለምን ሆነ?» እያሉ ወደ ኋላ መሄድ። በሽተኛ በእጅ ሲነሳ ክብደቱ ከ35 ፓውንድ፣ ማለትም ከ16 ኪሎ ገደማ እንዳይበልጥ ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ጤና ምርምር ተቋም ይመክራል። እኔ ያነሳኋቸው አባት ከ90 ኪሎ በላይ ነበሩ። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

አሁን ወደ ምክሩ። መጀመሪያ ከቆምሽበት ጀምሪ። ሆስፒታል ነሽ? ሆቴል? ዌርሃውስ? ኤርፖርት? አብዛኛው ትልቅ መሥሪያ ቤት የሴፍቲ ኮሚቴ አለው፤ አብዛኛው ሠራተኛም ኮሚቴው ውስጥ መግባት አይፈልግም። ስብሰባ ነዋ! አንቺ ግቢ። እኔ በነጻ የተማርኩት እዚያ ነው። አደጋ እንዴት እንደሚመረመር፣ የጉዳት መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ፣ የኬሚካል መረጃ ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ ያየሁት በየወሩ ከሚጎረሰው ቀዝቃዛ ፒዛ ጋር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አለቆች ስሜን አወቁት።

ኦሻ የሚባለውን ስም ሳትሰሚ አትቀሪም። በ1970 በወጣው ሕግ የተቋቋመ፣ የሥራ ቦታ ደኅንነትን የሚቆጣጠር የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የየራሳቸው አላቸው፣ ሥራው ግን ያው ነው። የ10 ሰዓትና የ30 ሰዓት ኮርሶች አሉ፤ አስሩ ለሠራተኛ፣ ሠላሳው ኃላፊነት ላለበት ሰው። ሠላሳውን ውሰጂ። ግን አደራ፣ ካርዱ ኮርሱን ለመውሰድሽ ማስረጃ ነው እንጂ የሙያ ፈቃድ አይደለም። «በሁለት ቀን ኦሻ ሰርተፋይድ እናደርግሻለን» የሚል ማስታወቂያ ካየሽ እለፊው። እኔ እንደዚያ ያለ ማስታወቂያ አምኜ የእቁብ ገንዘቤን አንድ ጊዜ አስበልቻለሁ። አስተማሪው የተፈቀደለት መሆኑን ከኦሻ ድረ ገጽ ማየት ይቻላል፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ካርዱን ያዝሽ እንበል። በሙያው የሚያስከብረው ግን ቢሲኤስፒ የሚባለው ቦርድ የሚሰጠው ማዕረግ ነው። በቅድሚያ ኤኤስፒ፣ ቀጥሎ ሲኤስፒ። ለሲኤስፒ የመጀመሪያ ዲግሪና ቢያንስ አራት ዓመት የሴፍቲ ልምድ ይጠየቃል። ደስ የሚለው ዲግሪው በሴፍቲ መሆን አለበት አይልም። ሀገር ቤት ኬሚስትሪ፣ የሕዝብ ጤና ወይም ምህንድስና ተምረሽ እዚህ ፓርኪንግ የምትሠሪ ከሆነ፣ ከሻንጣ ሥር ያለውን ዲግሪሽን አውጪው። ደብልዩኢኤስን በመሰለ ድርጅት አስገምግሚው። «የኛ ወረቀት እዚህ አይሠራም» የሚለውን የቡና ወሬ ሰምተው ስንቶቹ ሳይሞክሩት ቀሩ! ዲግሪ ከሌለሽ ደግሞ በማኅበረሰብ ኮሌጅ የሁለት ዓመቱን መጀመር ነው። ኤኤስፒ በሴፍቲ የተገኘ የሁለት ዓመት ዲግሪም ይቀበላል።

እንግሊዝ ያለሽ ከሆነ የሚጠየቀው ኔቦሽ የሚባለው የሴፍቲ ሰርተፍኬት ነው። በባሕረ ሰላጤው የዓረብ አገሮችም በሴፍቲ ኦፊሰር ማስታወቂያ ላይ የምታይው እሱን ነው። በሆቴል፣ በክሊኒክ ወይም በኩባንያ የምትሠሩ እህቶች ዓለም አቀፉን የኔቦሽ ሰርተፍኬት በኦንላይን መማር ትችላላችሁ። ሰው ቤት ለሚሠሩት ግን ይህ ምክር ብዙ አይጠቅማቸውም። በአሠሪ ስም የተያዘ መኖሪያ ፈቃድ ይዞ ሥራ መቀየር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አላስጎመጅም።

ወደ ቋንቋ ልምጣ። «እንግሊዝኛዬ ይሰባበራል» ብለሽ እንዳትሸሺ። ኦሻ ሥልጠና ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ መሰጠት አለበት ይላል። ዋሽንግተንና አካባቢው ላይ ሆቴሉም ጋራዡም ሆስፒታሉም በእኛ ሰው የተሞላ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሆቴል ውስጥ የእኛ ሴትዮ የመጸዳጃ ማጽጃ ካፈሰሰች በኋላ «ይበልጥ ይነጣል» ብላ በረኪና ጨመረችበት። ማጽጃው አሲድ ነበር። አሲድና በረኪና ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እያሳላት እየሮጠች ወጣች፣ እግዚአብሔር አተረፋት። አለቃዋ የሥልጠና ወረቀቱን አምጥቶ ፊርማዋን አሳየኝ። እውነትም ፈርማለች። ሴትዮዋን ወደ ጎን ወስጄ በአማርኛ «እትዬ፣ ሲያስተምሩ ገብቶዎት ነበር?» አልኳቸው። ሳቅ አሉና «ኧረ የኔ ልጅ፣ ሁሉም ራሱን ሲነቀንቅ እኔም ነቀነቅኩ» አሉኝ። ይህን መልስ ሌላ መርማሪ አያገኘውም። በማግስቱ በአማርኛና በስፓኒሽ ሥልጠና ይሰጥ ብዬ ጻፍኩ፣ ተሰጠ።

አሁን ከባዱ ነገር ላይ ደረስን። ይሉኝታ። ሆስፒታል ማስፋፊያ ግንባታ ላይ ተመድቤ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከእኔ ቁመት ጥቂት የሚያንስ ጉድጓድ ውስጥ አንድ አዛውንት ቧንቧ ሲያስሩ አየሁ። ግድግዳውን የሚደግፍ ነገር የለም። ደንቡ ጉድጓድ 5 ጫማ ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ ዙሪያው ጽኑ ዓለት ካልሆነ በቀር፣ እንዳይደረመስ መከላከያ ይደረግ ይላል። አፈር ሲናድ ደግሞ ለመጮኽ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ሰውየው በአባቴ ዕድሜ ናቸው። ታላቅን «ውጣ» ብዬ አላውቅም። ፎርማኑ «አምስት ደቂቃ ነው የቀረው፣ እንጨርስ» አለኝ። ምላሴ ላይ «ምንም አይደል» መጥታ ነበር። ዋጥኳት። «እስኪወጡ ድረስ ከዚህ አልሄድም» አልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አልደብቅሽም። ሰውየው ወጡ። ፎርማኑ ሁለት ሳምንት ሰላም አላለኝም። ጉድጓዱ አልተናደም፣ ምናልባትም አይናድም ነበር። በዚህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል መሆንሽ አይታይም፣ እሱን ከአሁኑ ልመጂው።

ይሉኝታ ጨርሶ መጥፎ ነው አልልም። ሰላምታችን፣ ዕድሜ ማክበራችን፣ ስለ ቤተሰብ መጠየቃችን በሳይቱ ላይ በር ከፍቶልኛል። ጠዋት ሁሉንም በስሙ ሰላም የምትል ሴፍቲ ሲያዩ አደጋ አይደብቋትም። ሥራ ይቁም የምትይበት ሰዓት ላይ ብቻ ይሉኝታን ጓዳ አስቀምጪው። ኢንተርቪው ላይም እንደዚሁ። እኛ «ሠራን» ማለት ይቀናናል። ጠያቂው ግን ማወቅ የሚፈልገው አንቺ የሠራሽውን ነው። «ሠራሁ» በይ።

«በወንድ ሥራ ምን ጥልቅ አደረገሽ?» የሚልሽ ይኖራል፣ ከእኛም ሰው ጭምር። በ1911 ኒውዮርክ ውስጥ ትራያንግል የሚባል የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ 146 ሰው አለቀ። አብዛኞቹ ከአውሮፓ የመጡ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ነበሩ፣ አንዱ መውጫ በር ተቆልፎባቸው ነበር። ፍራንሲስ ፐርኪንስ የምትባል ሴት ቃጠሎውን ቆማ አየች። በ1933 የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስትር ሆነች፣ በካቢኔ የመጀመሪያዋ ሴት። በዚያው ዘመን ዶክተር አሊስ ሃሚልተን በየፋብሪካው እየዞረች የእርሳስ መመረዝን ታጠና ነበር፤ በ1919 ሃርቫርድ የቀጠራት የመጀመሪያዋ ሴት መምህር ናት። እና የወንድ ሥራ የሆነው መቼ ነው? የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ የሚቀመጡት አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸውን ሳስብ ደግሞ አንድ ቀን አንዳችሁ ይህን ሙያ ይዛችሁ ብትመለሱ እላለሁ።

ልብስን በተመለከተ፣ እኔ ስጀምር የተሰጠኝ ሰደርያ ጉልበቴ ድረስ ይደርስ ነበር፣ ጓንቱም እንደዚያው። ከጥር 2025 ጀምሮ የኦሻ የግንባታ ደንብ መከላከያ ልብስ በልክ መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ ሲሰፋሽ ዝም አትበዪ።

ገንዘቡንም ልንገርሽ። የመጀመሪያው የሴፍቲ ደመወዜ ከደብል ሽፍቴ ያንስ ነበር። ባለቤቴ አልተደሰተም። እኛ ቤት ለአንድ ዓመት ያህል ሥጋ የሚበላው በበዓል ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ተስተካከለ፣ ወገቤም አረፈ።

በየዓመቱ ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ብዙ መሥሪያ ቤቶች 300ኤ የሚባል ቅጽ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ባለፈው ዓመት እዚያ ቤት ስንት ሰው እንደተጎዳ ይናገራል። የእረፍት ክፍሉ ውስጥ፣ ከማይክሮዌቩ አጠገብ ሊሆን ይችላል፣ ሁሉም ያልፈዋል። አንቺ ቆመሽ አንብቢው። ከዚያ ሱፐርቫይዘርሽን የሴፍቲ ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ ጠይቂ። እኛ ጋ በወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ነበር።