የዕረፍት ነጥብን በአነስተኛ ዋጋ መግዛት ይቻላል?

ጥያቄ፦ በጎንደር አዘዞ የምኖር መምህርት ነኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ሄዶ ሳለ፣ ነፃ የመዝናኛ ቲኬት እንሰጥሃለን ተብሎ በአንድ ኩባንያ የሽያጭ ገለጻ ላይ ተገኝቶ ነበር። በየዓመቱ የሚታደስና በገንዘብ ፈንታ ለሆቴል ማደሪያ የሚከፈል ነጥብ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ከፍሎ ቢገዛ፣ የኩባንያው ሆቴሎች ባሉበት ሁሉ ማረፍ እንደሚችል ነግረውታል። ገና አልፈረመም። ወንድምና እህቶች ተጋግዘን ብንገዛው አልፎ አልፎ አንድ ላይ ለመሰባሰብ ይጠቅመናል ብሎ ያስባል፤ እኔም እቁቤ ሲደርሰኝ የድርሻዬን ለማዋጣት ፈቃደኛ ነኝ። ዋጋው ግን አስደንግጦናል። በአነስተኛ ገንዘብ መግባት የሚቻልበት መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ አዎ፣ መንገድ አለ። ወንድምዎ ያንኑ ነጥብ ከኩባንያው ሳይሆን መውጣት ከሚፈልግ ባለቤት ላይ ቢገዛው፣ ብዙውን ጊዜ ከተጠየቀው ዋጋ በእጅጉ ባነሰ ገንዘብ ያገኘዋል። ኩባንያው በሚጠይቀው ዋጋ ውስጥ የማስታወቂያው፣ የሻጩ ኮሚሽንና የዚያ «ነፃ» ቲኬት ወጪ ሁሉ ተካቷል። ከባለቤት ወደ ባለቤት በሚተላለፈው ገበያ ግን አንዳንዱ የነጥብ ውል በ1 ዶላር ጭምር ለሽያጭ ሲቀርብ ይታያል። ታዲያ በብዙ ሺህ ዶላር የተገዛን ነገር ሰው ለምን በነፃ ያህል ይለቀዋል ብለው መጠየቅዎ አይቀርም፤ የጉዳዩ ቁልፍም ያለው እዚያው ላይ ነው።

ነጥብ የገዛ ሰው በየዓመቱ የጥገና ክፍያ አለበት። ክፍያው በነጥቡ ቢጠቀምም ባይጠቀምም አይቀርም፤ ከዓመት ወደ ዓመትም መጨመር ልማዱ ነው። ለስሌት ያህል፣ 150 ነጥብ ያለው ሰው ለእያንዳንዱ ነጥብ በዓመት 9 ዶላር ቢከፍል 1,350 ዶላር ይሆንበታል፤ ክፍያው ባለበት ቢቆይ እንኳ በ10 ዓመት 13,500 ዶላር ማለት ነው። ስለዚህ የመግዣውን ዋጋ ብቻ አይቶ ርካሽ ነው ማለት አይቻልም። በአንድ ኩባንያ ሥር ባሉ ሆቴሎች መካከል እንኳ፣ ውሉ በየትኛው ሆቴል እንደተመዘገበ እየታየ ዓመታዊው ክፍያ ይለያያል። በመግዣው ጥቂት ጨምሮ ዓመታዊ ክፍያው ዝቅ ያለውን ውል መምረጥ፣ በ1 ዶላር ከተገኘና ክፍያው ከከበደ ውል እጅግ ይሻላል። ወንድምዎ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ያለፉት ጥቂት ዓመታት የክፍያ ደረሰኝ ነው።

ነጥቡ ስንት ሌሊት እንደሚያሳድር ደግሞ በክፍሉ ስፋትና በወቅቱ ይወሰናል። እርስዎ በጎንደር ይህን ለመረዳት አይቸገሩም፤ ለጥምቀት ሰሞን አልጋ የሚጠየቅበትን ዋጋና በሐምሌ ዝናብ የሚጠየቅበትን ያውቁታል። በነጥቡም እንዲሁ ነው፤ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወይም በፈረንጆች ገና ሰሞን ለአንድ ሳምንት የሚጠየቀው ነጥብ፣ በሌላ ጊዜ ለረዘመ ቆይታ ሊበቃ ይችላል። የወንድምዎ ልጆች ተማሪዎች ከሆኑ ስሌቱን በውዱ ወቅት ይሥራ።

ከባለቤት ሲገዛ የሚመረመረው ነገር ቀላል አይደለም። ሻጩ የዘንድሮውን ነጥብ ጨርሶት፣ የሚመጣውንም ዓመት ተበድሮ ተጠቅሞበት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ውል ገዥውን ለወራት ክፍያ ብቻ እያስከፈለ ያስቀምጠዋል። ያልተከፈለ ውዝፍ ወይም የብድር ዕዳ አለመኖሩን፣ የቀረውንም የነጥብ ብዛት ኩባንያው ራሱ በጽሑፍ ሊያረጋግጥ ይገባል። ገንዘቡ ለሻጩ በቀጥታ አይሰጥም፤ ስሙ እስኪዛወር ድረስ በአደራ በሚይዝ ሕጋዊ ድርጅት እጅ ይቆያል። አንዳንድ ኩባንያዎች ሻጭና ገዥ በተስማሙበት ዋጋ ቀድመው የመግዛት መብት ስላላቸው፣ ያንን እስኪወስኑ መጠበቅ ያስፈልጋል።

በሁለተኛ እጅ የተገዛ ነጥብ ሙሉ ጥቅም ላይሰጥም ይችላል። የዲዝኒ ኩባንያ ነጥብ በሚሸጥበት በዲዝኒ ቬኬሽን ክለብ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 19 ቀን 2019 ወዲህ ከነባር ባለቤት የተገዛ የቀደምት ሆቴሎች ነጥብ እንደ ሪቪዬራ ባሉ አዳዲስ ማረፊያዎች አይሠራም። የዚሁ ክለብ ውል ማብቂያ ዓመትም አለው፤ ቦርድዎክና ቢች ክለብ በተባሉት ሆቴሎች ላይ የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ2042 ያበቃሉ። ሌላው ነጥብ ሻጭ ኩባንያ በሆነው በዊንደም ደግሞ ከሁለተኛ እጅ የተገዛ ነጥብ ለልዩ የአባልነት ደረጃ አይቆጠርም። እነዚህ ለወንድምዎ ያን ያህል ላያሳስቡት ይችላሉ፤ ነገር ግን ከመግዛቱ በፊት ይወቃቸው።

የእርስዎን ድርሻ በተመለከተ ሐሳቤ ግልጽ ነው፤ ስምዎ በውሉ ላይ አይግባ። ባለቤት ሆኖ የሰፈረ ሁሉ ለዓመታዊው ክፍያ ተጠያቂ ይሆናል፤ አንዱ ባይከፍል ዕዳው በሌላው ላይ ይወድቃል። በዶላር የሚቆጠርን የዓመት ዕዳ ከመምህር የብር ደመወዝ ላይ መክፈል፣ የምንዛሪው ዋጋ ባለበት ሁኔታ፣ ከባድ ሸክም ነው። ነዋሪ በውጭ አገር ንብረት ለመግዛት ዶላር ማውጣቱም የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በጥቁር ገበያ ልላክ ማለት ደግሞ ራስን ለሕግ ማጋለጥ ነው። ነጥብ መያዝም ቪዛ አያስገኝም።

ለእናንተ ቤተሰብ የሚስማማው፣ በእኔ እምነት፣ አስቀድሞ መከራየት ነው። ባለቤቶች የማይጠቀሙበትን ነጥብ ስለሚያከራዩ፣ ወንድምዎ ምንም ዓይነት የዕድሜ ልክ ግዴታ ሳይገባ በዚያው ሆቴል ሊያርፍ ይችላል። በውዱ ወቅት ያሰበውን ክፍል አግኝቶ፣ የኪራዩንም ወጪ ከዓመታዊው ክፍያ ጋር አስተያይቶ መግዛቱ የሚያዋጣ ሆኖ ካገኘው፣ ያን ጊዜ አነስተኛ ውል ከባለቤት ላይ ይግዛ። ገዥ አግኝቼልሃለሁ ወይም ርካሽ ነጥብ አለኝ እያለ ስልክ ደውሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅን ግን አይመን፤ በዚህ ገበያ የተለመደው ማጭበርበር ይህ ነው።

ምናልባት ይህ መልስ ሳይደርሳችሁ ከኩባንያው ጋር ፈርሞ ከሆነ፣ የፍሎሪዳ ሕግ ውሉን ከፈረመበት ወይም የመጨረሻውን ሰነድ ከተቀበለበት ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ጀምሮ፣ በ10 ቀናት ውስጥ ያለ ምንም ቅጣት እንዲሰርዝ ይፈቅድለታል፤ ይህን መብቱን በፊርማው አሳልፎ ሊሰጥ አይችልም። ስረዛውን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ፣ በውሉ ላይ በተመለከተው አድራሻ በአደራ ፖስታ ይላክ፤ የመላኪያውንም ደረሰኝ ከደብዳቤው ቅጂ ጋር ያስቀምጥ።