ጥያቄና መልስ፦ የኬጂ መምህራን የዓመቱን የሙያ እቅድ እንዴት እናውጣ?

ሰላም ቲቸሮች! እዚህ ሐዋሳ ትምህርት ሊከፈት ሲል የማትቀር ፎርም አለች፣ የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ እቅድ፣ መምህር በዓመቱ ውስጥ ምኑን እንደሚያሻሽል የሚጽፍባት። ኬጂ ላይ ብዙ ያስተማርኩና አሁን አዳዲስ መምህራንን የማግዝ ስለሆንኩ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ይኸው በተራ።

ጥያቄ፦ ቲቸር በየዓመቱ "የማስተማር ዘዴዬን ማሻሻል" ብዬ ነበር የምጽፈው፣ ዘንድሮ ግን ርእሰ መምህሯ ድገሚው ብላ መለሰችብኝ። ምን ልጻፍ?

መልስ፦ እውነቷን ነው እህቴ፣ እንደዛ ከተጻፈ ሰኔ ላይ መሻሻሉን በምን ታውቂዋለሽ? እቅዱን ከፎርሙ አትጀምሪ፣ ከልጆቹ ጀምሪ። አንድ ሳምንት በጨዋታ ሰዓት ደብተር ይዘሽ ጥግ ላይ ቁጭ በይና ያየሽውን ብቻ ጻፊ። አንዷ ልጅ ምንጣፍ ላይ ቆርኪ ትደረድራለች እንበል፣ ጠጋ ብለሽ "ይሄ ምን ቀለም ነው?" ትያታለሽ፣ "ቀይ" ትልሻለች፣ አለቀ። "እንዴት አድርገሽ ነው የደረደርሽው? ይሄኛው ለምን ለብቻው ሆነ?" ስትያት ግን የኮካውን ከቢራው እየለየች እንደሆነ፣ ያ ደግሞ ለወንድሟ የተቀመጠ እንደሆነ ሁሉ ታወራልሻለች፣ ቋንቋውም ሂሳቡም እዛው ውስጥ አለ። ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ "እስከ ጥር መጨረሻ በጨዋታ ሰዓት በአንድ ቃል የማይመለሱ ጥያቄዎችን መጠየቅ እለምዳለሁ፣ የጎን ክፍል ቲቸር በየሁለት ሳምንቱ 15 ደቂቃ ገብታ ትቆጥርልኛለች"። ይሄ ይለካል።

ጥያቄ፦ ስንት ግብ ልያዝ?

መልስ፦ ሁለት ይበቃል። ስድስት ጽፎ አንዱንም ሳይነኩ ዓመቱ ሲያልቅ ብዙ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ በዓመት 60 ሰዓት የሙያ ማሻሻያ ሙሉ ይባላል፣ ስልጠና ማንም አይጠራን፣ ከየት ይምጣ?

መልስ፦ 60 ሰዓት ለ10 ወር ሲካፈል በወር 6፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ስልጠና ብቻ ነው ያለው ማነው? የጓደኛሽን ክፍል ገብቶ ማየት፣ ተሰብስቦ ከካርቶንና ከጭቃ መርጃ መሳሪያ መስራት፣ አንብቦ መወያየት፣ ተግባራዊ ምርምር (የራስን ክፍል ችግር አጥንቶ መፍትሔ መሞከር)፣ ጀማሪ ማገዝ ሁሉም ይቆጠራል፣ ብቻ ፖርትፎሊዮሽ (የስራሽ ማስረጃ ማኅደር) ላይ ቀኑን፣ የሰራሽውንና ክፍልሽ ውስጥ የለወጠውን በሁለት መስመር ጻፊ። ፎቶ ብቻ ለጥፎ መተው አይበቃም።

ጥያቄ፦ ወላጆች "የ3 ዓመት ልጄ ለምን ፊደል አትጽፍም" እያሉ ያስጨንቁኛል፣ ይሄ እቅድ ይሆናል?

መልስ፦ በደንብ! ልጅ ክብ መሳል የሚችለው በ3 ዓመት አካባቢ ነው፣ የመስቀል ምልክት በ4፣ ሶስት ማዕዘን ደግሞ በ5 አካባቢ፣ ታዲያ እጁ ሳይጠና "ሀ"ን አስሬ ማስገልበጥ ምን ይሉታል? ጭቃ ማላቆጥ፣ ዶቃ መሰካት፣ ወረቀት መቅደድ ነው ጣቱን ለእርሳስ የሚያዘጋጀው። ግብሽ "ይሄን ለወላጅ በስራ ናሙና ማስረዳት" ይሁን፣ በየተርሙ የልጁን ስዕል ቀን ጽፈሽበት አስቀምጪና መስከረምና ጥርን ጎን ለጎን አሳዪያቸው፣ ከንግግር በላይ እሱ ያሳምናቸዋል።

ጥያቄ፦ ክፍሌ ውስጥ ሲዳምኛም ወላይትኛም አማርኛም የሚያወሩ ልጆች አሉ፣ እኔ አማርኛ ብቻ ነው የምችለው።

መልስ፦ ለሐዋሳ መምህር ከዚህ የተሻለ ግብ አላውቅም። መጀመሪያ ልጅ ሲጨንቀው የሚላቸውን ያዢ፦ ውሃ፣ ሽንቴ መጣ፣ አመመኝ፣ እናቴን። ሞግዚቶቹ ያስተምሩሻል፣ ደስ እያላቸው። ከዛ በየቋንቋው አንድ አንድ የልጆች መዝሙር ጨምሪ። ዝም ብሎ ጥግ የሚቀመጠው ልጅ ብዙ ጊዜ "ደካማ" ይባላል እንጂ በሚገባው ቋንቋ ስላልተነገረው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ዲፕሎማ ነኝ፣ ዲግሪ መማርን እዚሁ ልጻፈው?

መልስ፦ ዲግሪውንስ ተማሪ፣ ግን ለብቻው ጻፊው። ዲግሪ የበርካታ ዓመት ጉዳይ ነው፣ የዘንድሮ እቅድሽ ደግሞ አሁን ፊትሽ ላሉት ልጆች ነው። ክረምት ምዝገባ ካለ ሐዋሳ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሄደሽ ሬጅስትራር ጠይቂ፣ የሰው ወሬ ይዘሽ አትቅሪ።