ልጄ ጎልፍ ሊያጫውተኝ ነው፤ የት ይውሰደኝ?

ጥያቄ፦ እንዴት ነህ አቦ? «አንተ» ማለቴን እንደ ንቀት አትይብኝ፤ ድሬ ተወልጄ ድሬ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከባቡር ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ዋሽንግተን ልጅ አለኝ። ዘንድሮ ቪዛው ተሳክቶ ከፋሲካ በኋላ ልሄድ ነው። ልጁ አሁን ጎልፍ ይጫወታል መሰለህ! «አባዬ፣ ስትመጣ አብረን እንጫወታለን» ይለኛል። እኔ ጎልፍን የማውቀው በቴሌቪዥን ነው፤ ነጭ ሱሪ የለበሱ ሀብታሞች ሲንሸራሸሩ። እሱ ደግሞ ታክሲ ነጂ ነው። ለኔ ብሎ ገንዘቡን እንዲበትን አልፈልግም። አንተ እዚያ ብዙ ኖረሃል አሉ። ለእንደኛ ዓይነት ሰው የሚሆን ሜዳ አለ? ጉልበቴንም ያመኛል።
ከለገሃሬ

መልስ፦ ኧረ «አንተ» በለኝ! ከተመለስኩ ወዲህ «እርስዎ» የሚለኝ ሰው ሁሉ ብድር ሊጠይቀኝ ይመስለኛል።

ዋሽንግተን 17 ዓመት ኖሬያለሁ። የሠራሁት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው፤ ከመሬት በታች፣ ፀሐይ በማይገባበት። ጎልፍ ያስተማረኝ አብሮኝ የሚሠራ የሐረር ልጅ ነበር። ሰኞ ሰኞ ዕረፍት ነበረን። «ና፣ ሰማይ እንይ» ብሎ ወሰደኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የሄድኩት ለሰማዩ ነው።

በቴሌቪዥን የምታያቸው አብዛኞቹ የአባላት ክለቦች ናቸው። አጥር አላቸው፣ ዘበኛ አላቸው፣ አባል ካልሆንክ ወይም አባል ካልጋበዘህ አትገባም። ተዋቸው። የሕዝብ ሜዳ ግን ሌላ ነው። መስኮቱ ጋ ሄደህ ትከፍላለህ፣ ተራህን ጠብቀህ ትገባለህ፣ አለቀ። ማን ነህ፣ ምን ትሠራለህ የሚል የለም። ታክሲ ነጂውም፣ ጠበቃውም፣ ጡረተኛውም እዚያ ነው።

ለአንተ መጀመሪያ የምመርጥልህ ኢስት ፖቶማክን ነው። ፖቶማክ ወንዝ መሐል የገባ ረጅም መሬት ላይ ነው ያለው። ከአንድ ወገን ያ ረጅሙ የዋሽንግተን ሐውልት ይታይሃል፣ ከወንዙ ማዶ አውሮፕላን ይነሳል፣ ይወርዳል። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ሦስት ሜዳ ነበረው። ሰማያዊ የሚሉት 18 ቀዳዳ (ኳሷን እየመታህ የምታስገባበት ጉድጓድ) ያለው ሲሆን፣ ነጩና ቀዩ ዘጠኝ ዘጠኝ ነበሩ። ዛሬም እንደዚያው ከሆነ ልጅህን «ቀዩን» በለው። አጭር ነው፣ ለጀማሪ ነው፣ ዋጋውም ቀለል ይላል። ሰማያዊውን በእግር ልዙር ካልክ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድህ ነው፤ ጉልበትህ ይቅር አይልህም። መሬቱ ሜዳማ መሆኑም ላንተ ጥሩ ነው። አንድ መጥፎ ነገር አለው፦ ዝይ። የዝይ ኩስ የሌለበት ቦታ አታገኝም። አዲስ ጫማ አድርገህ እንዳትሄድ።

እኔ የመጀመሪያዋን ኳሴን የመታኋት ቀዩ ላይ ነው። መታሁ ልበል እንጂ ኳሷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ልጅ ሆነን የገና ጨዋታ ስንጫወት እንደለመድነው ዱላውን ከላይ አውርጄ መሬቱን መታሁት። የእንጀራ ምጣድ የሚያህል ሳር ተነስቶ በረረ። የሐረሩ ልጅ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ «በል ሂድ፣ ሳሩን አምጥተህ መልሰህ ተክል» አለኝ። ሕግ ነው፤ የነቀልከውን ትመልሳለህ። አንተም የገና እጅ ካለህ ከወዲሁ እርሳው። እዚህ ጉልበት ዋጋ የለውም፤ ዱላው በራሱ ክብደት ይውረድ፣ አንተ ዝም ብለህ ተከተለው።

ሁለተኛው ላንግስተን ነው። እኔ የምወደው ይህን ነው። ሳሩ ስለሚበልጥ እንዳይመስልህ፤ በኔ ጊዜ ራሰ በራ የሆነ ቦታ ሞልቶት ነበር። ከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ነው። መሬቱ ቀድሞ ቆሻሻ መጣያ ነበር። ያን ጊዜ ጥቁሮች ነጮቹ በሚጫወቱባቸው ጥሩ ጥሩ የመንግሥት ሜዳዎች ላይ አይፈቀድላቸውም ነበር። አቤት ካሉት መካከል ዌክ ሮቢን የሚባል የጥቁር ሴቶች የጎልፍ ክለብ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የተመሠረተ። በ1939 ላንግስተን ተከፈተ። የተሰጣቸው ዘጠኝ ቀዳዳ ብቻ ነው። 18 የሞላው በ1955 ነው። እስቲ አስበው፣ ሌላውን ዘጠኝ 16 ዓመት ጠበቁ!

አሁን ቀዩ ላይ ትጫወታለህ ያልኩህ ኢስት ፖቶማክም እንዲሁ በቀላሉ አልተከፈተም። እ.ኤ.አ. በ1941 ጥቂት ጥቁሮች ሄደው ተጫወቱ። ተመልካቹ ሰደባቸው፣ ፖሊስ አጅቧቸው ነው የጨረሱት። ከዚያ በኋላ ነው ሜዳዎቹ በሥሩ የነበሩት ሚኒስትር፣ ሃሮልድ አይክስ፣ ለሁሉም ይከፈቱ ያለው። ሊ ኤልደር የሚባል ሰውም አለ። በ1975 ማስተርስ በሚባለው ትልቁ ውድድር ላይ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። እሱም በኋላ ላንግስተንን አስተዳድሯል።

ላንግስተን የገባን ቀን ሽማግሌዎች ደጁ ላይ ተቀምጠው ይቀላለዱ ነበር። እኛ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር የተቀመጡ ነው የሚመስሉት፤ የጎደለው ጫት ብቻ ነው። ከየት ናችሁ አሉን። ኢትዮጵያ ስንል አንዱ ተነስቶ ስለ ኃይለ ሥላሴ ጀመረ። እኔ ስለ ጃንሆይ ከማውቀው እሱ ይበልጣል። ተራችን አለፈ፣ ግድም አልሰጠን። ልጅህ ላንግስተን ከወሰደህ ባትጫወት እንኳ እዚያ ደጅ ተቀመጥ።

ሮክ ክሪክ የሚባል ሦስተኛ አለ፤ ጫካና ዳገት ነው። ለጉልበትህ አልመክርም። ልጅህ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ስላይጎ ክሪክ አለ፤ ዘጠኝ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የሕዝብ ሜዳ ናት። የሐበሻ ምግብ ቤቶቹም ሩቅ አይደሉም።

ልብስን በተመለከተ ኮሌታ ያለው ቲሸርትና ሸራ ጫማ ይበቃሃል። ዱላ እንዳትገዛ፣ ይከራያል። ውጤት አትቁጠር፤ ትንሽ የመታ ነው የሚያሸንፈው፣ አንተ ግን ብዙ ትመታለህ። «ፎር!» የሚል ጩኸት ከሰማህ ራስህን ሸፍነህ ጎንበስ በል፤ ኳስ እየመጣ ነው ማለት ነው። ለድሬ ሰው ከባዱ ሕግ ሌላ ነው፦ ሌላው ሊመታ ሲቆም ዝም ማለት አለብህ። ጭጭ! እኔ ይህንን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

እስከዚያ ቤትህ ልምምድ ጀምር። የጎልፍ ቀዳዳ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከትንሿ የወተት ዱቄት ጣሳ አፍ ብዙም አይለይም። ጣሳዋን ሲሚንቶው ላይ አጋድማት። ኳሷ የድሬ ሎሚ ታህላለች፣ ስለዚህ በሎሚ ሞክር። ከዘራህን ገልብጠህ ቀስ ብለህ ግፋት። ባለቤትህ አበደ ካለች እኔ ነኝ ያልኩት በላት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድሬ ላይ ጎልፍ ሜዳ ለምን አይሠራም? ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ ብንጀምርስ?
ከሳቢያን

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ሳሩ ውኃ ይጠጣል። እኛ ጀሪካን ይዘን ተሰልፈን እሱን ማን ያጠጣዋል? ያለ ሳር ግን ይቻላል። አውስትራሊያ ውስጥ ኩበር ፒዲ የሚባል የበረሃ ከተማ አለ፤ ሜዳቸው ላይ አንድ ሳር የለም። ተጫዋቹ ቁራጭ ምንጣፍ ሳር ይዞ ይዞራል፣ ኳሱን እሱ ላይ አስቀምጦ ይመታል። ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን አሸዋ በዘይት ለውሰው ያደላድሉታል። ቀን ሙቀቱ አያስቆምም፣ ስለዚህ ሌሊት በሚያበራ ኳስ ይጫወታሉ። ለድሬ የሚስማማው ይህ ነው።

ደቻቱን ግን ተወው። ድሬ ሰማዩ ጠርቶ ደንገጎ በኩል ከዘነበ ውኃው ሳታስበው ይደርስብሃል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የበላ ወንዝ ነው፤ መጫወቻ አይደለም።

ይህን እያወቅሁ እኔም አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ በጥር፣ በጠራራ ፀሐይ። ሦስት ኳስ ነበረኝ። ሁለቱን አሸዋው ዋጣቸው። ሦስተኛውን አንድ ፍየል ጠባቂ ልጅ አግኝቶ መልሶ ሸጠልኝ። በሃያ ብር።