ሮቶው ሌሊት ለምን ይፈሳል፣ ቧንቧውስ ለምን ዱም ዱም ይላል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጂ ፕላስ ዋን ቤት ነው፣ ጣሪያ ላይ 2000 ሊትር ሮቶ አለ። ቀን ውሃው ቀጭን ነው፣ ሌሊት ግን በደንብ ይመጣል፣ ያኔ ሮቶው ይሞላና እስኪነጋ ድረስ በትርፍ መውጫው ሲፈስ ያድራል። ፍሎተሩ፣ ማለትም ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ባለ ኳስ ቫልቭ፣ ሁለቴ ተቀይሯል። ጠያቂው ቀን ወጥቶ ኳሷን በእጁ ከፍ ሲያደርጋት ውሃው ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። በዛ ላይ ሊሞላ ሲቃረብ ቧንቧው ዱም ዱም ዱም እያለ የምድር ቤት ተከራዮቹ እንቅልፍ አጥተዋል። «ሶስተኛ ፍሎተር ልግዛ ወይስ ሮቶውን ልቀይረው?» ነው የሚለኝ።

ሮቶውን ተወው ወንድሜ፣ እሱ ምንም አላጠፋም። ፍሎተሩንም ቢሆን ያንኑ ዓይነት ከሆነ የምትገዛው አስር ብትቀያይር ለውጥ የለውም፣ ምክንያቱም ችግሩ እቃው መበላሸቱ ላይ ሳይሆን ሌሊት የሚመጣው ፕሬዠርና የኳሷ ጉልበት አለመመጣጠናቸው ላይ ነው። ጩኸቱም ሌላ በሽታ እንዳይመስልህ፣ እዛው ቦታ ላይ ነው የሚፈጠረው።

መጀመሪያ በእጅ ማንሳቱን እርሳው። እጅህ ሳይታወቅህ ሁለት ሶስት ኪሎ ይገፋል፣ ኳሷ ግን እጅ የላትም፣ ያላት ውሃው ወደ ላይ የሚገፋት ብቻ ነው። ትምህርት ቤት አርኪሜደስ ብለው ያስተማሩን እኮ ይሄው ነው፣ ኳሷ ምን ያህል ውሃ ከቦታው አስለቀቀች፣ የዛን ውሃ ክብደት ያህል ወደ ላይ ትገፋለች። ሜትር ይዘህ ዙሪያዋን ብትለካት 34 ወይ 35 ሳንቲም ከመጣ ውፍረቷ 11 ሳንቲም አካባቢ ነው ማለት ነው፣ እንዲህ ያለችው ሙሉ በሙሉ ብትጠልቅ የምታስለቅቀው ውሃ ወደ 700 ሚሊ ሊትር ነው፣ ስለዚህ ከ700 ግራም በላይ መግፋት አትችልም፣ የራሷ ክብደት 100 ግራም ነው ብንል ደግሞ የሚተርፈው 600 ግራም ነው። ስሌት የማትወድ ከሆነ ባልዲ አፉ ድረስ ሞልተህ ኳሷን ድፍቅ አድርጋትና የፈሰሰውን ውሃ ሰብስበህ መዝነው፣ ያው ቁጥር ይመጣል።

ይሄ 600 ግራም ትንሽ ይመስላል ግን ክንዱ ያግዛታል። ኳሷ ከማዞሪያዋ ፒን 30 ሳንቲም ርቃ፣ የውሃ መግቢያ ቀዳዳውን የምትደፍነውን ጎማ የሚገፋው ጫፍ ደግሞ 2 ሳንቲም ላይ ከሆነ 15 እጥፍ ይሆንላታል። በሌላኛው በኩል ደግሞ ውሃው በቀዳዳው ሊወጣ ጎማዋን ይገፋታል፣ የሱ ጉልበት ፕሬዠሩ ሲባዛ በቀዳዳው ስፋት ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ገበያ ላይ ያለው ፍሎተር ሁሉ ከላይ ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው፣ ውስጡ ያለው ቀዳዳ ግን ይለያያል፣ ቀጭን ውሃ ላለበት ተብሎ የተሰራው ሰፊ ቀዳዳ አለው፣ ሻጩም «ይሄ ቶሎ ይሞላልሃል» ብሎ የሚሰጥህ እሱን ነው።

እስቲ 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ እንውሰድ። ቀን ፕሬዠሩ 2 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ነው ብንል ጎማዋ ላይ የሚመጣው ከ2 ኪሎ ትንሽ በለጥ ይላል፣ ኳሷ ወደ አራት ሳንቲም ተኩል ስትጠልቅ ትዘጋዋለች። ሌሊት ሰፈሩ ሲተኛ፣ የሚቀዳ ሰው ሲጠፋ፣ ፕሬዠሩ 5 ባር ይደርሳል ብንል ደግሞ ግፊቱ ከ5 ኪሎ ተኩል ያልፋል፣ ኳሷ አሁን ወደ ሰባት ሳንቲም ካልጠለቀች አትዘጋውም። ልዩነቱ ሁለት ሳንቲም ምናምን ነው እንግዲህ፣ የትርፍ መውጫህ አፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀን ውሃው ከሚዘጋበት ከፍታ በላይ ሁለት ሳንቲም ላይ ነው የሚበሳው። ውሃው ኳሷን ሊያጠልቃት ሲነሳ መውጫውን ቀድሞ ያገኘዋል፣ በዛው ይፈሳል፣ ኳሷም የምትፈልገውን ያህል ሳትጠልቅ ታድራለች።

6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቢሆን ግን? ስፋቱ ግማሽ ሳይሆን ሩብ ነው የሚሆነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። 5 ባር ላይ እንኳ ግፊቱ ኪሎ ተኩል አይሞላም፣ በቀንና በሌሊት መሃል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነትም ከአንድ ሳንቲም በታች ይሆናል። እውነት ነው ሮቶው ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ውሃ እያለህ ምን አስቸኮለህ።

ኳሷን ግን አውጥተህ ሳታራግፋት አትግዛ። ፕላስቲኳ መጋጠሚያው ላይ ትሰነጠቅና ውስጧ ውሃ ይገባል። ሶስት መቶ ግራም ውሃ ከገባባት በቀን ውሃ አብዛኛው አካሏ ጠልቆም ቢሆን ትዘጋለች፣ ሌሊት ግን ሙሉ በሙሉ ብትጠልቅም አትዘጋም፣ ጉልበቷ አልቋል። ስታናውጣት ቸር ቸር ካለች ጣላት። ጎማዋንም ክፈትና እያት፣ ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ የሚገባው አሸዋ እዛች ጋ ነው የሚቀመጠው።

አሁን ወደ ጩኸቱ። ውሃው ከፍሎተሩ ሲወርድ የሮቶውን ውሃ ያናውጠዋል፣ ሞገዱ ኳሷን ከፍ ዝቅ ያደርጋታል፣ ሊዘጋ ሲቃረብ ደግሞ ቀዳዳው ስለጠበበ ትንሽ ከፍ ማለቷ ይዘጋዋል ትንሽ ዝቅ ማለቷ ይከፍተዋል፣ ዘጋ ከፈተ ዘጋ ከፈተ። በዘጋች ቁጥር በቧንቧው ውስጥ እየሮጠ የነበረው ውሃ ድንገት ይቆማል፣ ያ ግፊት ሞገድ ሆኖ ወደ ኋላ ይሄዳል። ይሄን ነገር ዙኮቭስኪ የሚባል ሩሲያዊ የሞስኮ ውሃ መስመር ላይ አጥንቶ በ1898 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ሂሳቡ ደስ ይላል፣ በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ ድንገት ሲቆም ወደ 13 ባር ተጨማሪ ግፊት ይፈጥራል፣ ቤት ውስጥ ካለው ፕሬዠር በላይ ማለት ነው። ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ከግማሽም በታች ነው፣ ፕላስቲኩ ስለሚለጠጥ ያበርደዋል።

ተከራዮቹ ድምፁ ከነሱ ግድግዳ የሚመጣ የሚመስላቸው ደግሞ ለምን መሰለህ፣ ድምፅ በአየር በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው፣ በውሃ ውስጥ ወደ 1480፣ በብረት ውስጥ ደግሞ ወደ 5000 ሜትር ይደርሳል። ፈጣን መሆኑ ብቻ አይደለም፣ በአየር ሲሄድ በየአቅጣጫው ይበተናል፣ በቧንቧ ሲሄድ ግን የሚበተንበት ስለሌለ ጉልበቱን ይዞ ምድር ቤት ድረስ ይወርዳል፣ ቧንቧው ግድግዳ የነካበት ቦታ ላይ ግድግዳው ራሱ ስፒከር ይሆናል። የት ጋ እንደሚነካ ለማግኘት ካቻቢቴ ውሰድ፣ ጫፉን ቧንቧው ላይ እጀታውን ጆሮህ አጠገብ ያለው አጥንት ላይ አድርግና እየተራመድክ አዳምጥ፣ የበረታበት ጋ ክላምፑን ፈታ አድርገህ ጎማ ክተትበት።

ድምፁንም ለይተው። ዝግ ያለ ዱም ዱም ከሆነ ኳሷ እየተወዛወዘች ነው። ዥዥዥ የሚል ቀጭን ከሆነ ጎማዋ አልቃ ወይም ላልታ እየተንቀጠቀጠች ነው፣ መቀየር ነው። ሽሽሽ ከሆነ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ውሃ ነው፣ 6 ሚሊውን ካስገባህ በኋላ ትንሽ ትሰማዋለህ፣ አትደንግጥ።

ኳሷን ለማረጋጋት ደግሞ ገንዘብ የማይፈጅ ነገር አለ። ንፁህ የሆነ የፕላስቲክ ኩባያ ወይም የእርጎ እቃ በናይሎን ገመድ ክንዱ ላይ ከኳሷ አጠገብ አንጠልጥልና ውሃው ውስጥ አስገባው። ፕላስቲክ ክብደቱ ከውሃ ብዙም ስለማይለይ፣ ውስጡም ውጪውም ውሃ ስለሆነ፣ ኳሷ ላይ ሸክም አይሆንባትም፣ ግን ኳሷ በሞገዱ ዘለል ልትል ስትል ያን ሁሉ ውሃ አብራ መጎተት ስላለባት ትሰክናለች። ገመዱን ግን አታሳጥረው! ኩባያው ከነውሃው ከውሃ በላይ ከወጣ ሙሉ ክብደቱ ኳሷ ላይ ያርፋል፣ ያኔ የባሰ አትዘጋም።

አንዳንድ ባለሙያ ደግሞ ጩኸቱን ለመግደል ብሎ ከፍሎተሩ አፍ ላይ ረጅም ቱቦ ቀጥሎ እስከ ሮቶው ወለል ያወርደዋል። ዝም ያደርገዋል፣ አልዋሽህም። ነገር ግን የመንገዱ ውሃ ሲጠፋና ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ሲወርድ ያ ቱቦ የሮቶውን ውሃ ወደ ኋላ ሊስበው ይችላል፣ የሮቶ ውሃ ደግሞ ስንት ነገር እንደሚገባበት ታውቃለህ፣ ወደ ጎረቤት መስመር ነው የሚሄደው። እኔ አልሰራውም። ከተሰራልህም ቁረጠው።

አሁን ምን ታደርጋለህ፣ ጌጅ (የፕሬዠር መለኪያ) ተዋስና ሌሊት ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ ላይ ገጥመህ ንባቡን እይ። እዛ ላይ ካነበብከው ለጣሪያው ከፍታ በየ10 ሜትሩ 1 ባር ቀንስ፣ ያንተ ቤት ላይ ከግማሽ እስከ 1 ባር ቢሆን ነው። ከዛ ሱቅ ስትሄድ «ለሃይለኛ ፕሬዠር የሚሆን፣ ጠባብ ቀዳዳ» በል፣ ካላመንክ ፈትተህ በካሊፐር ወይም በመሰርሰሪያ ጫፍ ለካው፣ የ6 ሚሊ ጫፍ የሚገባበት የ8 ግን የማይገባበት ይሁን። ክንዱን ዝቅ አድርገህ ውሃው ከትርፍ መውጫው 3 እስከ 5 ሳንቲም በታች እንዲዘጋ አስተካክለው። ጌጁ ከ6 ባር በላይ ካሳየህ ግን ፍሎተሩ ብቻውን አይበቃም፣ ከቆጣሪው በኋላ ፕሬዠር የሚቀንስ ቫልቭ አስገባና 3 ባር አካባቢ ላይ አስተካክለው፣ የሻወር ማሞቂያህም ያመሰግንሃል። ቫልቩ እስኪገኝ ጌት ቫልቩን (በእጅ የሚዞረውን የመስመር መዝጊያ) ግማሽ ዘግቶ ማሳደር ይሰራል ብለው የሚነግሩህ አሉ። ውሃው እየፈሰሰ እያለ ፕሬዠሩን ይቀንሰዋል፣ ፍሎተሩ ሊዘጋ ሲልና ፍሰቱ ሲቆም ግን ከጀርባው ያለው ፕሬዠር ተመልሶ 6 ይሆናል፣ ስለዚህ መፍሰሱን አያስቆምልህም፣ ዱም ዱሙን ብቻ ትንሽ ያለዝበዋል።