መልስ፦ በጾም ወተትና እንቁላል ስገዛ ካሸሯ «አትጾሚም እንዴ?» ብትለኝ ምን ልበላት?

እህቴ፣ ምክንያት አትስጪ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ለልጄ ነው» ወይም «ጨጓራ አለብኝ» ካልሽ የመጠየቅ መብት እንዳላት ተቀበልሽ ማለት ነው፤ ወዲያው «ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው?» ይከተላል። ረጋ ብለሽ «ሒሳቡ ስንት መጣ?» በያትና ክፈያት። ከደገመች «እባክሽ፣ በምገዛው ነገር ላይ አስተያየት አትስጪኝ» በቂ ነው። ሰልፍ ላይ ግን አትከራከሪ፤ ከኋላሽ የቆመው ሁሉ ስለ ጾም ማስተማር ይጀምራል።

ካላቆመች ለኃላፊው ለብቻው ንገሪው። ደረሰኙን ያዢ፤ ቀንና ሰዓት ስላለበት ማሽኑ ላይ ማን እንደነበረች ከፈረቃው ይለያል። ያለችሽን ቃል በቃል ተናገሪ። «አመናጨቀችኝ» ብቻ ካልሽው ምን ብሎ እንደሚያርማት አያውቅም።

አብዛኞቹ በክፋት እንደማይናገሩት አምናለሁ። ግን በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ ታማሚውም ወተት ይገዛል፤ ካሸር ይህን ማወቅ አለባት።

ፋርማሲ ላይ ነገሩ ይለያል። ፖስት ፒል (ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደውን የእርግዝና መከላከያ) ስትገዢ «ግንኙነቱ ከተፈጸመ ስንት ሰዓት ሆነው?» ካሉሽ በትክክል መልሺ፤ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ ነው፣ በቶሎ ሲወሰድ ደግሞ የበለጠ ይሠራል። የምትወስጂው ሌላ መድኃኒት ካለም ንገሪያቸው፤ አንዳንዱ ኃይሉን ይቀንሰዋል። «ባል አለሽ?» የሚለው ግን ከመድኃኒቱ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ዝም ብለሽ እለፊው።